«ኔትወርክ የለም» የምትለዋ ካርቶን

ሬሳውን ያገኘችው የእህቱ ልጅ ናት። አምስት ሰዓት ላይ ጩኸቷ ከምድር ቤት ሲሰማ፣ ላይ ትኬት አዳራሹ ውስጥ ተሰልፎ የነበረው ተሳፋሪ ሻንጣውን ጥሎ ወደ ደረጃው ጎረፈ። ሰውየው መስኮት በሌላት የራውተር ክፍል ውስጥ ከበሩ ሥር ተደፍቶ ነበር። መዳፎቹ ሁለቱም በሩን ተደግፈዋል። ኮሪደሩ ላይ ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ቀይ እጀታ ወደ ታች ተስቧል፤ እሳት ግን በአካባቢው አልነበረም። ያ ጋዝ እሳት የሚያጠፋው አየሩን ከክፍሉ አባርሮ ስለሆነ፣ በሩ የተቆለፈበት ሰው ብዙ ደቂቃ አይቆይም።

ሟቹን ሰው ሁሉ የሚጠራው ሁለቴ እያለ ነበር። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ግን ልክክ ብሎበታል። ቀበቶ ታጥቆ በላዩ ማንገቻ ያደርጋል። ሁለት ስልክና ሁለት መነጽር ይዞ ይዞራል። ጠዋት ሲገባ «እንደምን አደራችሁ፣ እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ ሲጠሩት መልሱ «መጣሁ፣ መጣሁ» ነው። የኔትወርክ ባለሙያ ነበር። የአውቶቡስ ጣቢያውን ከተማው ማዶ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኘው መስመር አንድ ብቻ መሆኑ ሲያንገበግበው ኖሮ፣ ስድስት ወር ሙሉ ሁለተኛ ለመዘርጋት ጣራ ለጣራ ሲንከራተት ከረመ። «አንድ መስመር ይዛችሁ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳችኋል?» ይል ነበር።

መርማሪዋ የደረሰችው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ነው። አጠር ደልደል ያለች፣ መነጽሯን በጫማ ክር አስራ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። አዳራሹን ቃኘችና «ተሳፋሪውን አስወጡልኝ፤ በሩን ዝጉ። እኔ ሳልል አይከፈትም» አለች። የብረቱ መዝጊያ እየተንቋቋ ወረደ። ከመርማሪዋና ከፖሊሶቿ ሌላ ውስጥ የቀሩት አምስት ሰዎች ብቻ ሆኑ፦ ሥራ አስኪያጁ፣ የስምሪት ኃላፊው፣ የሟቹ የእህት ልጅ፣ ሽማግሌው ዘበኛና ትኬት ቆራጯ። መዝጊያው እንደወረደ አየሩ ታፈነ፤ ከውጭ የተሳፋሪው ማጉረምረም በብረቱ አልፎ ይሰማል።

«ከእናንተ በኮምፒውተር ቶሎ መጻፍ የሚችል ማነው? ጸሐፊዬ ታሞብኛል» አለች መርማሪዋ።

ሁሉም ወደ ትኬት ቆራጯ ዞሩ። እሷ ግን ያን ሰዓት ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ዕለት አራት ሰዓት ከአሥር ላይ እህቷ በቪዲዮ ደወለችላት። ባሏን ልትፈታ ነው፣ ወይም አትፈታም፤ እሱን ገና አልወሰነችም። ወሬው ጣፋጭ ነበር። ትኬት ቆራጯ ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ካርቶን አወጣችና መስኮቷ ላይ ሰቀለቻት። ካርቶኗ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ኔትወርክ የለም» ተብሎ ተጽፎባታል። ተሳፋሪው አጉረመረመ እንጂ ማንም አልጠየቃት፤ እንዲህ ተብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። እሷም ስልኳን ማስታወቂያው ጀርባ ሸሽጋ ሃያ ደቂቃ ያህል ወሬ ስትሰልቅ ቆየች። አንዴ ብቻ የእህቷ ፊት አፏን እንደከፈተች ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ጥቂት ቆይቶ ሲመለስ «አፍሽ ውስጥ አውቶቡስ ይገባል» ብላት በሳቅ ፈነዱ። ጥቂት ቆይቶም፣ እሷ ገና ወሬዋ ላይ ሳለች፣ እግሮቿ ያረፉበት ወለል ሥር ሰው አየር አጥቶ በር እየደበደበ ነበር።

ከመስኮቷ በላይ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፦ «ኔትወርክ ሳይጠፋ ጠፋ የሚል ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ይሰናበታል።» ቤት ውስጥ እናቷና ሁለት ልጆቿ የሚያዩት እጇን ነው።

መርማሪዋ ከእሷው ጀመረች። «ካንቺ እንጀምር፣ ልጄ። የራስሽን ቃል ራስሽ ጻፊ። ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ምን ትሠሪ ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ አጠገቧ ቆሟል። ካርቶኗ አሁንም መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላለች።

«ኔ... ኔትወርክ ጠፍቶ ቁጭ ብዬ ነበር።»

«ጻፊዋ።»

ጻፈቻት። ጣቷ «ጠፍቶ» የምትለው ቃል ላይ ተደናቅፎ አንድ ፊደል ደገመች። መርማሪዋ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ጆሮዋ ግን የፊደል ገበታውን ድምፅ ይከተል ኖሯል። ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞረች።

ዘበኛው በሁለት ፖሊሶች መካከል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የራውተሩ ክፍል ቁልፍ አንድ ነው፤ እሱም የሚሰቀለው ዘበኛው ቤት ሚስማር ላይ ነው። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ተገኘ፤ ቁልፉም ሚስማሩ ላይ ተገኘ። ፖሊሶቹ ከዚህ ወዲያ ማሰብ አላስፈለጋቸውም።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ለማን ሰጡ?»

«ለሁለቴ ነዋ! አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከጣራ ወርዶ እየሮጠ መጣ። ‹ቁልፉን፣ ቁልፉን› አለኝ። ሰጠሁት።»

«ማን መለሰው?»

«እኔ ምን አውቄ! አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲገባ ላሳይ ወጣሁ። ስመለስ ሚስማሩ ላይ ነው። እሱ የሰቀለው መስሎኝ።»

«ትላንት ተጣልታችኋል አሉ።»

ሽማግሌው ተቆጣ። «ኬብል አሳልፋለሁ ብሎ የዘበኛ ቤቴን ጣራ በሳብኝ! ያውም ሁለት ቦታ! ዝናብ ሲመጣ እዚያ የምቀመጠው እኔ፤ ታዲያ ዝም ልበለው? ተናገርኩት። ሰው ለቀዳዳ ብሎ ይገድላል እንዴ፣ ልጄ?»

ትኬት ቆራጯ ቃሉን ጻፈች። ይህ ሽማግሌ ዝናብ ሲጥል እሷን በጃንጥላ እስከ ታክሲ የሚሸኛት ሰው ነው።

የሥራ አስኪያጁ ቃል አጭር ነበር። ከአራት እስከ አምስት ግቢው ውስጥ ከሃያ ሹፌሮች ጋር ስብሰባ ላይ ነበርኩ አለ፤ ሹፌሮቹም በመስኮት ተጠይቀው አረጋገጡ። የሟቹ የእህት ልጅ ተከተለች፤ መርማሪዋ ሌሎቹን ራቅ አድርጋ እሷን ለብቻዋ ትኬት መስኮቱ ጋ ጠየቀቻት። እሷም በሙያው ውስጥ ናት፤ ረፋዱን ከተማው ማዶ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከመስመሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነበረች፤ አጎቷ ስልክ አላነሳ ሲላት ነው መጥታ ቁልፉን ከሚስማሩ አንስታ የከፈተችው። ዓይኗ አብጦ ቀልቷል።

«አጎትሽ ዛሬ ጣራ ላይ ምን ይሠራ ነበር?»

«ሁለተኛውን መስመር በአንቴና እያገናኘን ነበር፤ እሱ ከዚህ፣ እኔ ከዚያ። የሚመጣው ሳምንት ያልቃል ተብሎ ነበር። ግን ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ‹እስከ ስድስት ሰዓት ልሞክረውና ለሁሉም እናገራለሁ፤ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ› አለኝ። ከሁለታችን በቀር ያወቀ የለም።»

«መስመሩ ሁለት ሲሆን ማን ነው በየትኛው መሄድ እንዳለበት የሚያዘው?»

«ማንም። ራውተሮቹ ራሳቸው ናቸው» አለች ልጅቷ፤ ስለ ሥራው ስታወራ ድምፅዋ ትንሽ ጠነከረ። «እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ራውተር አለ። በየአሥር ሴኮንዱ በሁለቱም መስመር ሰላም ይባባላሉ። ‹አለህ?› ‹አለሁ።› ሌላ ወሬ የላቸውም። በአንዱ መስመር አርባ ሴኮንድ ሙሉ መልስ ከጠፋ፣ በዚህ በኩል ጎረቤቴ የለም ብሎ መዝገቡ ላይ ያሰፍርና ሁሉንም በሌላኛው ይልካል። ሹፌሮቻችን ድልድይ ሲሰበር ተደዋውለው በሌላ መንገድ እንደሚዞሩት ነው።»

«መዝገቡን አየሽው?»

«አየሁት። በዋናው መስመር በኩል አራት ከአሥራ ሁለት ላይ ጎረቤቱ ጠፋ ይላል። አራት ተኩል ላይ ተመለሰ ይላል።»

«መሬት ውስጥ የተቀበረ ኬብል ራሱን ጠግኖ ይመለሳል?»

«አይመለስም። ሰው ነቅሎ ሰው ሰክቶታል።»

መርማሪዋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «አጎትሽን የሚጠላው ሰው ነበር?»

ልጅቷ ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች። «አላውቅም። ግን ይህን ይዩት። ሁለተኛ መስመር እንዲፈቀድለት፣ በዓመቱ ውስጥ ኔትወርክ ጠፋ የተባለባቸውን ቀናት ሁሉ ከራውተሩ መዝገብ ጋር እያስተያየ ጽፏል። አንዱ ቀን ላይ ‹በዚህ ቀን አልጠፋም› ብሎ ሁለቴ አስምሮበታል። ስለዚህ ቀን ያነጋገረው ሰው ነበር። ‹አንዴ አስጠንቅቄዋለሁ፤ ነገ ደግሜ እነግረውና እምቢ ካለ አቀርበዋለሁ› ብሎኛል። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

የመጨረሻው የስምሪት ኃላፊው ነበር። አውቶቡስና ሹፌር የሚያሰማራው፣ ቢሮው ፎቅ ላይ የሆነ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ከመጠየቁ በፊት ጀመረ።

«እኔ ነኝ የደወልኩለት። አልደብቅም፤ ስልኬም ላይ አለ። ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አውቶቡሶቹን ስከታተል ስክሪኑ ቀጥ አለ። አራት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ነው። ደወልኩና ‹ኧረ ኔትወርክ የለም› አልኩት። ‹መጣሁ፣ መጣሁ› አለ እንደ ልማዱ። ያን ባልደውል ኖሮ...» ዓይኑን በመሐረብ አበሰ።

«ለምን ያህል ጊዜ ጠፋብዎት?»

«እስከ አራት ተኩል። ከዚያ ተመለሰ። ብቻዬን አይደለሁም፤ አዳራሹም ጠፍቶበት ነበር። በዚህ ሳልፍ ተሳፋሪው ሁሉ ሲያማርር ነበር። እሷን ይጠይቋት» አለና በአገጩ ወደ ትኬት ቆራጯ አመለከተ።

«ተጠይቃለች» አለች መርማሪዋ። «እንደ እርስዎ ነው ያለችው።»

ትኬት ቆራጯ የጻፈችው ነገር ፊቷ ላይ ያበራል። ሁለት ሰው፣ አንድ ቃል፦ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። የሰውየውን ቃል ጽፋ ስትጨርስ ደግማ አነበበችው። እሷ ያን ሰዓት ኔትወርክ ላይ ነበረች። ታዲያ እሱ ምን ሆኖ ነው የጠፋበት?

«ነይ፣ ምድር ቤቱን እንየው፤ የምልሽን በወረቀት ትጽፊያለሽ» አለቻት መርማሪዋ።

ደረጃው ጠባብ ነው፤ ኮሪደሩ ደግሞ ከደረጃው ይጠባል። ቀዩ እጀታ ከበሩ በስተግራ፣ ዋናው ኬብል የሚገባበት ሣጥን በስተቀኝ፤ በሁለቱ መካከል ሦስት እርምጃ። መርማሪዋ የሣጥኑን ክዳን በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋችው። አቧራው ላይ ጣት ያለፈበት ቦታ ይታያል። «ነቃዩ እዚህ ቆሞ ኬብሉን ይነቅላል፤ ይደውላል፤ እዚያ ጥግ ይቆማል። ሰውየው ይመጣል፣ ይከፍታል፣ ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ ይገባል። ከዚያ አንድ ጊዜ ቁልፍ ማዞር፣ አንድ ጊዜ እጀታ መሳብ። ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ።»

መርማሪዋ በሩን ከፍታ አስገባቻት። በሩ በራሱ ሞላ ተመልሶ ተዘጋ። ክፍሏ ክንድ ቢዘረጉ ግድግዳ ለግድግዳ ታስነካለች። የራውተሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብልጭ ይላል። ትኬት ቆራጯ ትንፋሽ አጠራት፤ አየር እያለ አየር ያጣች መሰላት።

«መጻፍ የቀረሽ ነገር አለ?» አለች መርማሪዋ በዝግታ።

ልትናገር አፏን ከፈተች። እናቷ ታየቻት፣ ልጆቿ ታዩዋት፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ታያት። «የለም» አለች።

«እሺ፣ እንውጣ። በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም እሰበስባለሁ።»

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሙቀቱ ጨምሯል፤ ሥራ አስኪያጁ ክራባቱን አላልቷል። ዘበኛው እጁ በካቴና ታስሯል። ካቴናውን ስታይ ትኬት ቆራጯ አንገቷን ደፋች።

መርማሪዋ መሐል ቆመች። «ሟቹ ሁለተኛውን መስመር ዛሬ ጠዋት ጨርሶት ነበር። ገዳዩ የራውተሩን ኬብል ነቅሎ ሟቹን ወደ ምድር ቤት የሳበ ሰው ነው። የእህቱ ልጅ ከተማው ማዶ ነበረች። ሥራ አስኪያጁን ሃያ ሰው አይቶታል። ሦስት ሰው ይቀረናል። አሁን ደብተሩ። ሟቹ ሁለቴ ያሰመረበት ቀን ምን ቀን ነው?» ደብተሩን ለሥራ አስኪያጁ ሰጠችው።

ሥራ አስኪያጁ አነበበ፤ ፊቱ ተለወጠ። «አውቶቡሳችን ገደል የገባበት ቀን ነው።»

«ሹፌሩስ?»

«እስር ቤት ነው። ‹ሳላርፍ በግድ ተልኬ ነው› ብሎ ነበር። የዕረፍት ሰዓቱ መዝገብ ግን አልተገኘም። ኔትወርክ ስላልነበረ አልተመዘገበም ተባለ።»

«ማን ነው ያለው?»

ሁሉም ወደ ስምሪት ኃላፊው ዞሩ። «አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት» አለ፣ ድምፁ ሳይናወጥ። «ያን ቀን አልነበረም። ዛሬም አልነበረም። ኔትወርክ እኮ ነው፣ እመቤቴ፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሰውዬው አዲስ መስመር በሥርዓቱ ሥራውን ተረክቦ እንደሆነ ማን ያውቃል? አንድ ቀን እንኳ ያልሞላው ነገር! ሁለት ሰው ጠፍቶ ነበር ብለናል። ቁልፉ የተገኘው ደግሞ የዚያ ሰውዬ ሚስማር ላይ ነው።»

ትኬት ቆራጯ ይህን ስትሰማ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት። ካርቶኗ ላይ የጻፈቻት ያችው ሰበብ አንድ ሹፌር ወህኒ አስገብታለች። አሁን ደግሞ የጃንጥላውን ሽማግሌ ልታስገባው ነው፤ በእሷ እጅ ጽሑፍ፣ በእሷ ምስክርነት።

«አንብቢልን እስቲ» አለች መርማሪዋ። «ከመጀመሪያው ጀምሪ። ከራስሽ።»

አትማ ያወጣችውን ወረቀት አነሳች። «‹ኔትወርክ ጠፍቶ...›» አለችና ቆመች። ከወረቀቱ ላይ ዓይኗን አነሳች። «ውሸት ነው» አለች።

«ምን?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ውሸት ነው፣ ጌታዬ። ኔትወርክ አልጠፋም። ከእህቴ ጋር ላወራ ብዬ ነው ካርቶኗን የሰቀልኳት። በመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ነበር የምናወራው፤ በቪዲዮ። ይኸው ስልኬ። ከአራት ከአሥር እስከ አራት ከሠላሳ አራት፣ ሳይቋረጥ። አንዴ ብቻ ፊቷ ለጥቂት ጊዜ ደርቆ ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ ተመለሰ።»

የሟቹ የእህት ልጅ አፏን በእጇ ያዘች። «አርባ ሴኮንዱ!» አለች። «ዋናው መስመር ተነቅሎ ወደ ሁለተኛው ሲዞር ነው! ሠርቷል... አጎቴ የሠራው ሠርቷል!» ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

መርማሪዋ ስልኩን አየችና ለፖሊሱ አቀበለችው። ከዚያ ወደ ስምሪት ኃላፊው ቀረበች። ቀኑን ሙሉ «እርስዎ» ስትለው የነበረችው ሴትዮ አሁን «አንተ» አለችው።

«እዚህ ሕንፃ ውስጥ ከአንተ በቀር ኔትወርክ የጠፋበት ሰው የለም። አንተም ቢሮህ ብትሆን ኖሮ ስክሪንህ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ሲቀጥል ታይ ነበር። አላየህም፤ ምክንያቱም ምድር ቤት ሣጥኑ ሥር ነበርክ። ጠፋ ያልክበት ሰዓት ኬብሉ የተነቀለበት ሰዓት ነው፤ ተመለሰ ያልክበትም የተሰካበት። ያን ሰዓት ከነቃዩ በቀር ማን ያውቀዋል?»

«ተሳፋሪው ሁሉ የለም ተብሏል!» ጮኸ ሰውየው። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ራሷ ሰቅላለች!»

«አዎ፣ ሰምተሃል። ቁልፉን ሰቅለህ ስትመለስ በዚህ አለፍክ፤ ካርቶኗን አየህ፣ ልብህ ረካ። ባትሰቀል ኖሮ ትኬት ሲቆረጥ ታይና ሌላ ነገር ታዘጋጅ ነበር። እሷ ስትዋሽ እየዋሸች እንደሆነ ታውቅ ነበር። አንተ ግን እውነት መስሎህ ነው የተናገርከው። ያጠመደህ ይኸው ነው።»

ሰውየው ወደ ብረቱ መዝጊያ አየ፤ ተዘግቷል። ወደ ደረጃው አየ፤ ፖሊስ ቆሟል። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዝርግፍ አለ። «ደግሜ እመጣለሁ አለኝ» አለ በቀሰስተኛ ድምፅ። «አንዴ ተናግሮ ቢተወኝ ምን ነበረበት?»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ ወደ እሱ እጅ ሄደ። ሽማግሌው አንጓውን እያሸ ትኬት ቆራጯን አያትና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት። መርማሪዋ ካርቶኗን ከመስኮቱ አውርዳ በላስቲክ ከረጢት ከተተቻት፤ ማስረጃ ናት።

ሥራ አስኪያጁ የተለጠፈውን ወረቀት አየ፣ እሷን አየ። «እስከ ማታ ሥሪ» አለ። «ነገ ደብዳቤሽን ትወስጃለሽ። አዝናለሁ፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ይሁን» አለች። ነገ ለእናቷ ምን እንደምትል አታውቅም። ግን ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ አልነበረም፤ አየር በሙሉ ወደ ውስጥ ሳበች።

የብረቱ መዝጊያ ወደ ላይ ተሳበ። ብርሃንና አቧራ ተግተልትሎ ገባ፤ ተሳፋሪውም ተከተለ። መስኮቷ ላይ ቀድማ የደረሰችው ሕፃን ያዘለች ሴት ናት፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ ፊቷ ተቃጥሏል።

«እህቴ፣ እባክሽ» አለች ሴትዮዋ፣ መልሱን አስቀድማ በመፍራት። «ኔትወርክ አለ?»

ትኬት ቆራጯ ወደ ስክሪኑ አላየችም።

«አለ» አለች። «አለ።»